ኮድ ማንበብ ብቻውን ምርመራ አይደለም



በከተማችን አውቶሞቢል ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በየጊዜው ስለሚያጋጥመው፣ ነገር ግን እንደ ተራ ነገር ታልፎ ብዙ ገንዘብ ስለሚባክንበት አንድ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በዚህ የአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ በመሪው ፊት ለፊት በሞተር ቅርጽ ስለ ተሣለው ቢጫ መብራትና፣ መብራቱ በበራ ጊዜ በየጋራዡ ስለሚደረገው የኮድ ንባብ ነው።

ነገሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መብራቱ ይበራል። ባለመኪናው እያየ እንዳላየ ሆኖ ይሰነብትና ደመወዝ ሲወጣ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። እዚያም አንድ ወጣት መካኒክ ከመሪው ሥር ጐንበስ ብሎ የእጅ መዳፍ የምታህል መሣሪያ ይሰካል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ሴንሰሩ ሞቷል፤ ይለወጥ» ይላል። ባለመኪናው ምን ብሎ ይከራከራል? ኮምፒውተር ተናግሯል! ስለዚህ ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃውን ይገዛል፣ ያስገጥማል፤ መብራቱም ይጠፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተመልሶ ሲበራ ግን አሁን ደግሞ ሌላ ሴንሰር ሞቷል ይባላል።

በእኔ በኩል እንደማየው ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ መካኒኩም ሁልጊዜ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ስሕተቱ ያለው ንባቡንና ምርመራውን አንድ አድርጎ በመቁጠር ላይ ነው። ሐኪም የበሽተኛውን ሙቀት ለክቶ 39 ቢያገኝ ትኩሳት መኖሩን ዐወቀ እንጂ ወባ ይሁን ተስቦ ወይም የሳምባ ምች ገና አላወቀም። ቴርሞሜትሩን አይቶ ወዲያው መርፌ የሚወጋ ሐኪም ቢኖር ሁላችንም እንሸሸው ነበር። በመኪናችን ላይ ሲደረግ ግን ዝም ብለን እንከፍላለን።

እዚህ ላይ ኮድ ስል በሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። የሞተሩ ኮምፒውተር ከብዙ መለኪያዎች፣ ማለት ከአየር መለኪያው፣ ከውሃ ሙቀት መለኪያው፣ በጢስ መውጫው ላይ ካለው የኦክሲጅን ሴንሰርና ከመሳሰሉት ያለማቋረጥ ወሬ ይቀበላል። የሚደርሰው ወሬ ከተወሰነለት ወሰን ሲወጣ፣ ወይም አንዱ ወሬ ከሌላው ጋር አልስማማ ሲለው፣ የጉድለቱን ቁጥር በማስታወሻው ይጽፋል። ብዙዎቹን ጉድለቶች በአንድ ጉዞ ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ በሁለተኛው ጉዞ ሲደገምበት ነው መብራቱን የሚያበራው። ቁጥሩንም ሲጽፍ ሞተሩ በዚያች ሰዓት ስንት ይዞር እንደ ነበረ፣ ውሃው ምን ያህል ሞቆ እንደ ነበረ፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደ ነበረ ጭምር መዝግቦ ያስቀምጣል። ይህ መዝገብ ለመርማሪ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። በየጋራዡ ግን ኮዱ ሲደመሰስ እሱም አብሮ ይደመሰሳል፤ አንብቦት የሚያውቅ የለም ለማለት ምንም አይቀረኝም።

ይህ ሥርዓት የመጣው ለመካኒክ ምቾት ሲባል እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ካርቡራቶር በነበረበት ዘመን የሞተር ሕመም የሚታወቀው በድምፁ፣ በጢሱና በካንዴላው ቀለም ነበር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የአየር ንጽሕና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1988 ሞዴል ጀምሮ፣ አየርን የሚበክል ጉድለት በሞተሩ ላይ ሲደርስ መኪናው ራሱ ለነጂው እንዲያስታውቅ ደነገገ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጡት ትናንሽ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር መሰኪያና አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ። አውሮፓም በበኩሏ በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001 ጀምሮ ተመሳሳዩን አደረገች። ስለዚህ ቢጫው መብራት በመሠረቱ የቆመው ለባለመኪናው ኪስ ሳይሆን በመንገድ ዳር ቆሞ ለሚተነፍሰው ሰው ነው።

ከዚያ በፊት የተሠሩትና ዛሬም በከተማችን ብዙ የሚታዩት ቶዮታዎች የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። በኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ቲኢ 1 እና ኢ 1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱት፣ መብራቱ ራሱ እየበራና እየጠፋ ቁጥር ይናገራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ቢል 22 ማለት ነው፤ ይኸውም የውሃ ሙቀት መለኪያው መሥመር ነው። መሥመር የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል! ሴንሰሩ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ፣ ሽቦው የሚሰካበት ሶኬት፣ የሶኬቱ ዝገት ሁሉ የመሥመሩ ክፍል ነው። (ቀዳዳዎቹን በውል ሳያውቁ ሽቦ መሰካት ግን ሌላ ጉዳት ስለሚያመጣ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ይሥራው።)

አዲሱ ኮድ አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ነው። ፒ ያለው ስለ ሞተርና ማርሽ፣ ቢ ያለው ስለ አካሉ፣ ሲ ያለው ስለ ፍሬንና ስለ መሳሰለው፣ ዩ ያለው በመኪናው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ስላደረጉት ግንኙነት ይናገራል። ከፊደሉ ቀጥሎ ዜሮ ቢሆን በሁሉም ፋብሪካ ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ 1 ቢሆን ግን የዚያ ፋብሪካ የብቻው ስለሆነ፣ የአንዱን መኪና ትርጉም ለሌላው መስጠት አይገባም። ይህን ያህል ማወቅ የማንም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ችሎታ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ያለው መኪና ፒ 0171 የሚል ኮድ አወጣ። የኮዱ ትርጉም በመጀመሪያው የሲሊንደር ረድፍ ላይ ድብልቁ ቤንዚን አንሶት አየር በዝቶበታል ማለት ብቻ ነው። ስለ የትኛውም ዕቃ መሞት አንድም ቃል የለበትም። የመጀመሪያው ጋራዥ ግን የኦክሲጅን ሴንሰሩን ለወጠ። ሴንሰሩ እኮ ወሬውን ያመጣው ምስክር ነው! እሳት ተነሣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አባርሮ ሌላ ዘበኛ መቅጠር ማለት ነው፤ አዲሱም ዘበኛ እሳቱን ሲያይ መጮኹ አልቀረም። መብራቱ ሲመለስ ሁለተኛው ጋራዥ የአየር መለኪያውን ለወጠ። በዚህ ጊዜ ወዳጄ ከደመወዙ የተረፈው ነገር ስላልነበረ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዕድር ጓደኛው ተበደረ። መብራቱ ግን ለሦስተኛ ጊዜ በራ።

በመጨረሻ ያገኘው አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ዕቃ አልለወጠም። መሣሪያውን ሰክቶ ኮዱን ካየ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ በቤንዚኑ ላይ የሚያደርገውን ጭማሪና ቅናሽ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። በጤነኛ ሞተር ላይ ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ በዚህ መኪና ላይ ግን በሚኒሞ፣ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ከሃያ በመቶ በላይ ጭማሪ ይታይ ነበር። ነዳጅ ተረግጦ ሞተሩ ወደ 2500 ዙር ሲደርስ ጭማሪው ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ። ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ብዙም አልደከሙም። ቤንዚን አቅራቢው ፓምፕ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ፣ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በፈለገ መጠን ጉድለቱ ይብስ ነበር እንጂ አይቀልም ነበር። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር ዝቅ ካለ ግን፣ መለኪያው ያላየው አየር በአንድ ቀዳዳ ሾልኮ እየገባ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ከጠቅላላው ጋር ስትነጻጸር ዋጋ ታጣለች። ሽማግሌው በአየር ማስገቢያው ጀርባ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ እየቆነጠጡ ቁጥሩን ያዩ ጀመር። በአንደኛዋ ላይ ቁጥሩ ወዲያው ወደቀ። በሙቀት ብዛት የተሰነጠቀች፣ ጣት የማታህል ቱቦ ነበረች። የቱቦዋን ዋጋ መጻፍ ያሳፍራል።

ይህ ሁሉ ምርመራ የፈጀው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ያው ኮድ ከሌላ መኪና ቢወጣ ደግሞ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጢስ ቧንቧ ሊሆን ይችል ነበር። ኮዱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ብዙ ነው። «የከተማችን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራቶርም በዚህ የተነሣ ይቸገር ነበር። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚያስተካክል ከፍታው ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ሌላው በየቀኑ የሚታየው ከፒ 0301 እስከ 0304 ያለው ነው፤ ሲሊንደር ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት በሚገባ አልተቀጣጠለም ማለት ነው። እዚህም አራቱንም ቦቢናና አራቱንም ካንዴላ ግዙ ይባላል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቦቢና ባለው መኪና ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለ፤ የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ አንደኛው አዛውሮ፣ ኮዱን ደምስሶ መኪናውን መንዳት ነው። ኮዱ 0302 ሆኖ ከተመለሰ ጉድለቱ ቦቢናውን ተከትሎ ሄዷል፤ አንድ ቦቢና ይገዛል። 0301 ሆኖ ከተመለሰ ቦቢናው ንጹሕ ነው፤ ካንዴላውን አዛውሮ መሞከር፣ ከዚያም ኢንጀክተሩንና የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን መለካት ይቀጥላል። ይህን ፈተና የማያደርግ መካኒክ በባለመኪናው ገንዘብ ዕጣ እየጣለ ነው።

በነገራችን ላይ ቢጫው መብራት ፀንቶ ሲበራና እየብለጨለጨ ሲበራ ትርጉሙ የተለያየ ነው። ፀንቶ ቢበራ፣ የሙቀትና የዘይት ምልክቱ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ፣ ቀስ ብሎ ሠርቶ ማስመርመር ይቻላል። እየብለጨለጨ ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጢስ መውጫው እየወረደ የጢስ ማጣሪያውን በማቃጠል ላይ ነው ማለት ስለሆነ፣ «ቢሮ ልድረስና» የሚባል ነገር የለም፤ እግርን ከነዳጁ አንሥቶ ዳር መያዝ ነው።

የጢስ ማጣሪያውን ካነሣሁ ዘንድ፣ መካኒኮቻችን ካታሊስት ስለሚሉት ከማርሚታው በፊት ስላለው ዕቃ ጥቂት ልናገር። ፒ 0420 የሚለው ኮድ ይህ ዕቃ ሥራውን በሚገባ አልሠራም ይላል። ዕቃው ውስጡ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህም ሁለት ዓይነት ክፉ ሥራ ይሠራበታል። አንደኛው፣ ከሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ የጢስ ቀዳዳ ንባቡን ስታዛባ፣ ወይም ሞተሩ ዘይት እየበላ ማጣሪያውን ሲመርዝ፣ ያንን ሳይመረምሩ አዲስ ማጣሪያ ማስገዛት ነው፤ ዘይት በሚበላው ሞተር ላይ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሞታል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ማጣሪያውን ቆርጠው በባዶ ቧንቧ ይተኩና፣ ውድ ማዕድን ያለበትን አሮጌውን ይሸጣሉ፤ ኮምፒውተሩ እንዳይጮኽም ሴንሰሩን በማታለያ ያስሩታል። ባለመኪናው «መኪናዬ ቀለለኝ» ብሎ ይደሰታል። ከኋላው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በታክሲ ሰልፍ ላይ በቆሙት ተማሪዎች ሳምባ ይገባል። በእኔ በኩል ይህን የመኪና ጥገና ለማለት አልደፍርም።

ኮድ መደምሰስም እንደ ጥገና የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። በተለይ አሮጌ መኪና ለመግዛት ከዕቁብ ወይም ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያወጣ ሰው ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል። ሻጩ ከአንድ ሰዓት በፊት ኮዱን ደምስሶ ወይም የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ መልሶ ቢሆን፣ መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ሙሽራ መስሎ ይቀርባል። ነገር ግን ማስታወሻው ሲደመሰስ ኮምፒውተሩ በየዕቃው ላይ ያደረገው የራስ ምርመራ ውጤትም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ማንበቢያ መሣሪያው ብዙዎቹ ምርመራዎች ገና አልተጠናቀቁም ብሎ ያሳያል። እነዚህ የሚጠናቀቁት መኪናው በልዩ ልዩ ሁኔታ ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ገዢው «ኮድ አለ ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምርመራዎቹ ተጠናቀዋል ወይ?» ብሎም ይጠይቅ። ደግሞም መሣሪያ የማያስፈልገው ፈተና አለ፤ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ሲከፍቱት ቢጫው መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። እንዲህ ካለው መኪና ባለቤት ጋር ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ ደኅና ዋሉ ብሎ መሄድ ነው።

ለመካኒኮቹ ደግሞ መፍረድ ተገቢ ነው። እኛ ደንበኞች ለዕቃ እንከፍላለን እንጂ ለምርመራ መክፈል አንወድም። መካኒኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ሲመረምር ቆይቶ «የላላ ሶኬት ነበር፤ አጠበቅሁት» ቢለን፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» ብለን እንቆጣለን። ዕቃ ለውጦ ሦስት እጥፍ ቢያስከፍለን ግን አሮጌውን ዕቃ በእጃችን ስለምናይ ረክተን እንሄዳለን። ሰውየው ከዚህ ምን ይማራል? ዕቃ መለወጥን ይማራል። የምርመራ ዋጋ ራሱን ችሎ በግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍና እኛም ሳናጉረመርም ብንከፍል፣ በመጨረሻ የምናተርፈው እኛው ነን። ከዚህም ሌላ የሽቦ ሥዕሉና የምርመራው ቅደም ተከተል የሚገኘው በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስለሆነ፣ እጁ የሠለጠነ ቋንቋው ግን የከበደው ብዙ ወጣት አለ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን በከተማችን በብዛት ለሚገኙት መኪኖች የአንድ መቶ ያህል ኮዶችን ምርመራ በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይጠቅማል የሚል እምነት አለኝ።

ጉዳዩን ከዛሬ ነገ የማይባል ያደረገው ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ግድ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የገዛም ቢሆን ከኮድ አላመለጠም፤ ያኛውም ኮምፒውተር አለው፣ ያኛውም መብራት አለው። እንዲያውም በቤንዚንና በባትሪ በሚሠሩት መኪኖች ላይ ፒ 0ኤ80 የሚባል አንድ ኮድ አለ፤ ትርጉሙ በቀጥታ የትልቁን ባትሪ ስብስብ ለውጥ የሚል ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ እንዲህ ደፍሮ ትእዛዝ የሚሰጥ ኮድ ጥቂት ነው። እሱም ቢሆን ባትሪው ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ፣ የደከሙት አንድ ሁለቱ ክፍሎች ብቻ ናቸው ወይስ ሁሉም፣ ወይስ የሚያገናኛቸው መዳብ ነው የዛገው የሚለው ሳይለካ ያን የሚያህል ወጪ መፍረድ አይገባም።

ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ልመለስ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ከሁሉ ይልቅ ያነሣሣኝ የእነሱ ነገር ነውና። የግል መኪና ቢሆን ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ይማራል። የመንግሥት መኪና ሲሆን ግን ገንዘቡ የሕዝብ ነው። አንድ የመስክ ፒክአፕ ጉልበት አጥቶ መብራት ሲያበራ፣ ጋራዡ በአንዲት መሥመር «ኢንጀክተሮቹ ይለወጡ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ከስምሪት ክፍል ወደ ግዥ ክፍል ይሄዳል። ግዥ ክፍሉም ደንቡን አክብሮ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል፤ ፊርማና ማኅተም ይሟላል፤ ኦዲተርም ቢመጣ እንከን አያገኝበትም። በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የዕቃው ዋጋ ሦስት ጊዜ ተጠይቋል፤ ዕቃው በእርግጥ መበላሸቱ ግን አንድ ጊዜም አልተጠየቀም።

ያ ፒክአፕ ያወጣው ኮድ ፒ 0087 ነበር እንበል፤ የናፍጣው ግፊት በማከፋፈያው ቧንቧ ውስጥ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ለዚህ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ነው፤ ቀጥሎ ውሃ የገባበት ናፍጣ፣ ከዚያም በመምጠጫው ቱቦ የሚገባ አየር ነው። ኢንጀክተሮቹ ቢጠረጠሩ እንኳ ከእያንዳንዳቸው ተመልሶ የሚወጣውን ናፍጣ በየጠርሙሱ አጠራቅሞ ማነጻጸር ይቻላል፤ ጥፋተኛው አንዱ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱ ይናገራል። አራት ኢንጀክተር በአንድ ጊዜ መግዛትና አንድ ፊልትሮ መግዛት በበጀት ላይ ያላቸውን ልዩነት ለሂሳብ ሠራተኞች ማስረዳት አያስፈልገኝም። መኪናው ዕቃ እስኪገዛ በጋራዥ ሲቆምም፣ ወደ መስክ ይሄድ የነበረው የክትባት ወይም የእርሻ ሠራተኛ ቢሮ ተቀምጦ ይውላል።

ስለዚህ ለየመሥሪያ ቤቱ የጠቅላላ አገልግሎትና የስምሪት ኀላፊዎች የማቀርበው አሳብ፣ የጥገና መጠየቂያው ቅጽ ላይ ጥቂት ባዶ ቦታዎች እንዲጨመሩ ነው። የወጣው ኮድ በሙሉ ቁጥሩ ይጻፍበት፤ ኮዱ ከመደምሰሱ በፊት ከእሱ ጋር የተመዘገበው የሞተሩ ሁኔታ ይገልበጥበት፤ ምን እንደ ተለካና መለኪያው ስንት እንዳሳየ ይስፈርበት፤ የተለወጠውም አሮጌ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ይመለስ። ጋራዡ ለልኬቱ ዋጋ ቢጠይቅ ይከፈለው። ትንሿ ማንበቢያ መሣሪያም ዋጋዋ ብዙ ጊዜ ከአንድ አዲስ ሴንሰር ያነሰ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የስምሪት ክፍል አንድ ገዝቶ መኪናው ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ኮዱን ራሱ አንብቦ ቢመዘግብ፣ በኋላ የሚመጣውን ወረቀት ለማመሳከር ይችላል። የሾፌሩም ቃል አብሮ ይያዝ፤ ጠዋት ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ፣ ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ነው ወይስ ከዝናብ በኋላ የሚለውን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እስካሁን ግን የሚጠይቀው አላገኘም። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ቅጽ አውጥቶ ለስድስት ወር ቢሠራበትና ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣ ቢያስነብበን፣ የሌሎቻችን የስምሪት ክፍሎች ለመቅዳት አይቸገሩም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ